ልጅ ይዞ ወዳጅ ቤት ምሳ መሄድ፦ ከስልኩ እስከ ስንብቱ

እሁድ ወዳጅ ቤት ምሳ ተጠራችሁ። ልጆች ይዛችሁ ሄዳችሁ። አንዱ አለቀሰ፣ አንዷ ነከሰች፣ እናንተ ሁለቴ ሳትጎርሱ እንጀራው ደረቀ። ጋባዧ "ኧረ ምንም አይደል" ብላ ሸኘቻችሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የምትደውሉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ይሄ ነገር ደጋግሞ የሚበላሸው ልጆቹ ባለጌ ሆነው አይደለም። የ3 ዓመት ልጅ ያው የ3 ዓመት ልጅ ነው። የሚበላሸው አራቱ ትልልቅ ሰዎች ይሉኝታ ይዟቸው መባባል ያለባቸውን ሳይባባሉ ስለሚቀሩ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ግማሹ ስለ ዕቃና ስለ ምግብ ቢሆንም ሌላው ግማሽ ስለ ንግግር ነው፤ ምን እንደሚባል፣ መቼ እንደሚባል፣ በየትኛው ቃል። ከ1 እስከ 6 ዓመት ልጅ ላላቸው ነው የጻፍኩት። ጋባዥም ተጋባዥም ያንብበው።

ደረጃ 1፦ ስልኩ (ከሁለት ቀን በፊት)

ደውሉ። በጽሑፍ አትላኩ፤ በጽሑፍ ሁሉም "እሺ ውዴ" ብሎ ያልፋል። የምትደውለው ተጋባዧ ብትሆን ይሻላል። ጋባዧ ከጠየቀች "ምን ልሥራላችሁ?" ይመስልና መልሱ "ምንም አትልፊ" ይሆናል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። እነዚህን አንሱ፦

1. ስንት ሆናችሁ እንደምትሄዱ። ሁለት ልጅ፣ ሞግዚትና ከክፍለ ሀገር የመጣች የእህት ልጅ ካለች ቁጥሩን ተናገሩ። ዶሮው 12 ብልት ነው፤ እንቁላሉም ተቆጥሮ ነው የሚገባው።
2. የሚበላበት ሰዓት። የምትደርሱበት አይደለም፣ የሚበላበት። "ለምሳ ኑ" ተብሎ 9 ሰዓት ላይ የሚቀርብበት ቤት አለ።
3. ልጁ የማይስማማው ምግብ ካለ።
4. ልጁ ቀን የሚተኛበት ሰዓት።
5. ቤቱ ውስጥ ውሻ፣ አራስ ወይም የታመመ ሰው ካለ።

ሦስተኛዋን እንደ ቀልድ አትለፏት። አንዲት ወዳጄ ልጇ ለውዝ እንደማይስማማው ታውቅ ነበር። ገና ቤት ሳትገባ ምግብ የምታማርጥ እንዳይመስልባት ብላ ዝም አለችኝ። እኔ ደግሞ ለልጆቹ ይሁን ብዬ ዳቦ ላይ የለውዝ ቅቤ ቀብቼ አቀረብኩ። ልጁ ሁለቴ ገመጠ። ከንፈሩ አበጠ፣ ዓይኑ ሥር ቀላ፣ ከዚያ ማሳል ጀመረ። በነጠላ ጫማ ነው ወደ ሐኪም ቤት የሮጥነው። ደህና ሆነ፣ ተመስገን። መኪና ውስጥ ግን እሷ "ነግሬሽ ቢሆን" ትላለች፣ እኔ "ጠይቄሽ ቢሆን" እላለሁ።

እንዲህ በሉ፦ "ትንሹ ለውዝ ከቀመሰ ፊቱ ያብጣል፣ ሐኪም ቤት ነው የሚያደርሰን። ለቡና ቁርስም ቢሆን እሱ ካለበት አይቅረብ እባክሽ።" "ብዙም አይወድም" አትበሉ። አይወድም የተባለ ምግብ እኛ አገር በጉርሻ ይሞከራል።

"አታስቢ፣ ሁሉም ነገር አለ" ከተባላችሁ፦ መልስ አላገኛችሁም ማለት ነው። ምርጫ ያለው ጥያቄ ጠይቁ። "በርበሬ የሌለው አልጫ አለ ወይስ ለልጁ ሩዝ ቀቅዬ ልምጣ?" ለዚህ "ሁሉም አለ" ተብሎ አይመለስም። "ኧረ አልጫ እሠራለሁ" ትላችኋለች፣ አለቀ።

ጾም ከሆነ፦ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ሁዳዴና ፍልሰታ ከገባ፣ ለልጁ ወተትና እንቁላል ይዛችሁ እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሕፃን ስለበላ የሚከፋው ቤት ብዙም የለም። የሚከፋው የልጁ ወተት የተፈላበት ድስት ከጾም ዕቃው ጋር ሲቀላቀል ነው። የራሳችሁን ጎድጓዳ ሳህንና ማንኪያ ያዙ፤ አጥባችሁም መልሱ።

ሥጋን በተመለከተ፦ አንዱ ቤት ክርስቲያን ሌላው ሙስሊም ከሆነ፣ የሥጋው ነገር ልጆቹንም ይመለከታል። "ልጅ ነው ምን ያውቃል" ብላችሁ ለሰው ልጅ ሥጋ አታጉርሱ። ጋባዥ ከሆናችሁ ወይ የጾም ወጥ ሥሩ፣ ወይ በስልኩ ላይ በቀጥታ ጠይቁ፤ እነሱ ያረዱትን ይዘው እንዲመጡም ልትስማሙ ትችላላችሁ። ይሄ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፤ ሁለቱም ወገን ሲጠየቅ ደስ ነው የሚለው።

ጠዋት ልጁ አሞት ቢነሳ፦ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ ወይም ሽፍታ ካለ አትሂዱ። ዶሮው ተሠርቶ ይሆናል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ደውላችሁ "ትንሹ ሌሊቱን ሲያስመልስ አደረ፣ ልጆችሽን እንዳያሲዝብሽ ቀርተናል" በሉ። 5 ሰዓት ላይ "ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ይሻለዋል፣ እየመጣን ነው" ከማለት ይህ ይሻላል። ጋባዧ "ኧረ ችግር የለም፣ ኑ" ካለችም አትሂዱ። በሳምንቱ ልጆቿ ሲተኙ ያንን "ችግር የለም" አታስታውሰውም።

ደረጃ 2፦ ቦርሳው

ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ለራሳችሁም አንድ ከላይ የሚለበስ። ዳይፐር፣ እርጥብ ሶፍት፣ አራት ፌስታል። ክዳን ያለው የውሃ ኮዳ። ካልሲ፤ ብዙ ቤት ጫማ ይወለቃል፣ የሴራሚክ ወለል ደግሞ ይቀዘቅዛል። ልጁ መቼም እምቢ የማይለው አንድ ምግብ በምሳ ዕቃ። ሁለት መጫወቻ፦ አንዱ ለብቻው የሚጫወትበት፣ አንዱ ለሌሎቹ የሚያካፍለው። ድምፅ የሚያወጣውን እቤት ተዉት።

ያገለገለ ዳይፐር በፌስታል ቋጥራችሁ ይዛችሁት ትወጣላችሁ። የሰው መታጠቢያ ቤት ቅርጫት ውስጥ አትተዉት፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ቆሻሻ የሚወሰደው በቀኑ ነው፣ እስከዚያ ቤቱን የሚሸተው ጋባዣችሁ ነው።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ልጁን ግማሽ ሆድ አብሉት። ሙሉ አታጥግቡት፣ "እቤታችን አልበላ አለ" ትባላላችሁ። ባዶ ሆዱንም አትውሰዱት።

ስጦታን በተመለከተ አጭር ነው። ባዶ እጅ አይኬድም። ሙዝና ብርቱካን፣ ዳቦ፣ አንድ ኪሎ ቡና ሁሌም ያስኬዳል። ለልጆቹ የምትይዙት ነገር ካለ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀለም ይሁን። ቀዩ መኪና አንድ ብቻ ከሆነ ጠቡን ገዝታችሁ ነው የገባችሁት። ከረሜላና ቸኮላት ከያዛችሁ ለእናትየው ስጡ፤ ልጁ እጅ ላይ አታስቀምጡ። መቼ እንደሚበላ የምትወስነው እሷ ናት።

ደረጃ 3፦ የጋባዥ ቤት (አንድ ሰዓት ሲቀራችሁ)

ይሄ ለጋባዦች ነው። ሳሎኑ ውስጥ ተንበርከኩ። እውነቴን ነው፣ ተንበርክካችሁ ዙሩ። ከዚያ ቁመት ላይ ሆናችሁ የምታዩትን ሁሉ ልጁም ያየዋል።

- መድኃኒት፣ በረኪና፣ የአይጥ መርዝ፣ ላምባ፦ ከፍ ያለ ቦታ ወይም የሚቆለፍ ውስጥ። በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪና ካላችሁ ዛሬውኑ ዕቃውን ቀይሩ፤ ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው።
- በረንዳ፦ ወንበር፣ ሳጥን፣ በርሜል፣ ሊወጣበት የሚችል ነገር ሁሉ ወደ ውስጥ ይግባ። በሩ ይቆለፍ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖሩ ይሄ አይለመንም።
- የሪሞትና የሚዛን ክብ ባትሪ፦ ክዳኑ የላላ ከሆነ አንሱት። ልጅ ከዋጠው ሐኪም ቤት ነው፣ ያውም ወዲያውኑ፤ ነገ እናየዋለን የሚባል አይደለም።
- ቡፌው ላይ ያለው ብርጭቆ፦ ወደ ላይኛው መደርደሪያ።
- የልጆቻችሁ ውድ መጫወቻ፦ ልጆቻችሁ ራሳቸው ይምረጡና ይደብቁት። "ለእንግዳ የማትሰጡት የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁለት ይምረጡ፣ መኝታ ቤት ይቆለፍበት። የቀረው የጋራ ነው። ይህች አምስት ደቂቃ ከሰዓት በኋላውን ታድንላችኋለች።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልታችሁ አስቀምጡ። ለእጅ መታጠቢያ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ደረጃ 6 ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 4፦ በር ላይ

በተባለው ሰዓት ድረሱ። የእኛን ሰዓት እናውቃለን፣ ልጅ ግን አያውቀውም። ከግማሽ ሰዓት በላይ የምትዘገዩ ከሆነ ደውሉና "ልጆቹን አብሏቸው፣ እኛን አትጠብቁ" በሉ።

ልጁን "ሂድ ሳማቸው" ብላችሁ አትግፉት። እናንተ ሳሙ፣ ሰላም ተባባሉ፣ እሱ ቀሚስ ይዞ ይቁም። አሥር ደቂቃ ስጡት። ትልልቅ ሰዎች ካሉ፣ አያት ካሉ፣ "ሰላም በላቸው" ማለት ተገቢ ነው፤ እምቢ ካለ ግን "ገና ነው፣ ትንሽ ይላመድ" ብላችሁ እናንተ ጎንበስ ብላችሁ ሳሙላቸው። አያት ይገባቸዋል። የማይገባው ብዙ ጊዜ ወጣቱ አጎት ነው።

ቤት ውስጥ አራስ ካለች ልጃችሁ ሕፃኑን አይሳም። እግሩን መንካት ይበቃዋል፣ ያውም ታጥቦ።

አሁን ደግሞ ለሁለቱም ወገን፣ በር ላይ የማይባሉ፦ "ምነው ከሳ?" "ገና አላወራችም እንዴ? የኔዋ በዚህ ዕድሜዋ ትዘፍን ነበር።" "አሁንም ጡት ነው?" እነዚህን እንደ አስተያየትም፣ እንደ ጥያቄም፣ እንደ ቀልድም አትበሏቸው። እናትየው ሌሊት ስትገላበጥ የምታድረው ከዚህች ጋር ነው። ከተባላችሁ ደግሞ መልሱ አጭር ይሁን፦ "ሐኪሙ ደህና ነው ብሎናል።" ከዚያ ርዕስ ቀይሩ።

ደረጃ 5፦ ማዕዱ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ልጆቹ እጃቸውን ይታጠቡ። ማስታጠቢያ ከሆነ የሚያስታጥቡት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ልጅ ለብ ያለውን ውሃ ከሙቁ አይለይም።
2. ልጆቹ መጀመሪያ ይብሉ፣ ለብቻቸው በትንሽ ትሪ። ምንጣፍ ላይ ፕላስቲክ ዘርጉ፣ ትሪውን መሃል አድርጉ፣ እንጀራውን አስቀድማችሁ በትንንሹ ቁረሱ። አልጫ፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ የተከተፈ እንቁላል። የዶሮ አጥንት ለልጅ አይሰጥም፤ ሥጋው ተለቅሞ ነው።
3. ልጆቹ ሲጨርሱ እጅና አፍ ይጠረግ፣ ከዚያ ጨዋታ።
4. አሁን የትልልቆቹ መሶብ ይቅረብ።
5. መሶቡ ከመከፈቱ በፊት ጠባቂ ይሰየም። በስም፣ ጮክ ተብሎ። "የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃ አንተ ታያቸዋለህ፣ ከዚያ እኔ።"

አምስተኛዋ ላይ ቆም በሉ። አራት ወላጅ ባለበት ቤት ሁሉም ሌላው እያየ ይመስለዋል። ማንም አያይም። ወይም ደግሞ፣ በብዛት እንደሚሆነው፣ እናቶቹ ሁለቱ እየተነሱ እየተቀመጡ ይውላሉ፣ አባቶቹ ሁለቱ ስለ ነዳጅ ያወራሉ። አባቶች፣ የመጀመሪያውን ፈረቃ ውሰዱ። ወጡ እስኪቀዘቅዝ የሚጠብቅ ሰው መሆን ለአንድ እሁድ አይገድልም።

ጉርሻ። ጋባዧ ልጃችሁን ልታጎርስ እጇን ዘረጋች፣ በርበሬ ያለበት ነው። ልጁ ፊቱን አዞረ። እሷ "በሞቴ!" አለች። ምን ታደርጋላችሁ? ጉርሻውን እናንተ ተቀበሉላት፣ በአፋችሁ። "ለሱ የታሰበውን እኔ ወሰድኩት፣ እሱ አልጫውን ጠግቧል" በሉ። እጇ አየር ላይ አልቀረም፣ ልጁም አልተቃጠለም። አፉን ይዛችሁ "ተቀበል ነውር ነው" ማለት ግን ሁለት ነገር ያበላሻል፤ ልጁ ያለቅሳል፣ እሷም ታፍራለች።

ጋባዥ ከሆናችሁ ደግሞ የሰው ልጅ ከማጉረሳችሁ በፊት ወደ እናቱ አንድ ጊዜ ተመልከቱ። በዓይን ይበቃል። ውጭ አገር አድገው ለክረምት የሚመጡ ልጆች በተለይ ጉርሻን አያውቁትም፤ ሰው ጣቱን ወደ አፋቸው ሲያመጣ የሚደነግጡ አሉ፣ ንቀት አይደለም።

ልጁ "ይሄ ይሸታል፣ አልፈልግም!" ቢልስ? አትቆጡ፣ ይቅርታም አታብዙ። "'አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ' ይባላል" ብላችሁ ቃሉን ስጡትና የያዛችሁትን ምሳ ዕቃ ክፈቱ። ጋባዧ "እንቁላል ልጥበስለት?" ካለች አንዴ "አይ፣ አይ" በሉ፤ ሁለተኛ ካለች "እሺ" በሉ። ሦስተኛ አታስለምኑ።

ማር ያለበት ነገር ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይቀመስም፣ ጣት ላይም ቢሆን። ጠጅና ጠላ የቀረበበት ብርጭቆ ደግሞ ከበርጩማ አጠገብ ወለል ላይ አይቀመጥ። ጠጅ ጣፋጭ ነው፣ ልጅ እስከ ታች ይጨልጠዋል።

ደረጃ 6፦ ቡናው

በጣም የሚያሰጋኝ ሰዓት ይሄ ነው። ሁሉም ጠግቧል፣ ወሬው ደርቷል፣ ወለሉ ላይ ደግሞ በልጅ ቁመት ከሰል፣ የሚፈላ ጀበናና ትኩስ ሲኒ ተደርድሯል። ቄጤማው ልጆቹን ይጠራቸዋል፤ አረንጓዴ ነው፣ ይነቀላል፣ ይበተናል፣ ማን ይተወዋል?

- ረከቦቱን ጥግ ላይ አድርጉት፣ መተላለፊያ ላይ አይሁን። ከጀርባው ግድግዳ፣ ከፊቱ ቡና አፍይዋ። ልጅ በአንድ በኩል ብቻ እንዲደርስ።
- ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል። በርና መስኮት ይከፈት፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ይገድላል፣ የተኛ ሕፃን ደግሞ "ራሴን አመመኝ" አይልም።
- ልጅ ታቅፋችሁ ቡና አትጠጡ። ወይ ልጁን፣ ወይ ሲኒውን።
- ፈንዲሻ፣ ቆሎና ለውዝ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ትንታ ነው። ለነሱ ዳቦ ወይም የበሰለ ሙዝ ቁረሱ። ፈንዲሻው እንደሆነ በየምንጣፉ ይበተናል፣ ጠባቂው ዓይኑ ወለል ላይ ይሁን።

ትኩስ ነገር ከፈሰሰበት፦ ልብሱንና የእጅ ጌጡን ቶሎ አውልቁ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ግን አትሳቡ። ቀዝቃዛ የሚወርድ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቧንቧ ከሌለ ያ ጀሪካን ይምጣ፣ በጆግ እየቀዳችሁ በቀስታ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ አትቀቡ፤ ጎረቤት መጥታ ብትመክርም አትቀቡ። በረዶም አይደረግም። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ወይም ከልጁ መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ቤት።

ትን ካለው፦ እያሳለ ከሆነ ተዉት፣ ያስል። ድምፅ ካጣና መተንፈስ ካቃተው ጎንበስ አድርጋችሁ በመዳፍ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ካልወጣና ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብላችሁ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ፣ እየቀያየራችሁ ቀጥሉ። ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ሆዱን አትንኩ፤ ክንዳችሁ ላይ አስተኝታችሁ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጀርባውን 5 ምቱ፣ ገልብጣችሁ ደረቱ መሃል ላይ በሁለት ጣት 5 ጊዜ ግፉ። ሌላው ሰው በዚህ መሃል ይደውል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የማታዩትን ነገር ልታወጡ ጣታችሁን ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ።

ደረጃ 7፦ ጠቡ

ይመጣል። ተዘጋጁ።

1. እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ልጅ ያንሳ። የሰው ልጅ ላይ እጅ አይነሳም፣ ቁንጥጫም ቢሆን፣ "እኔ እንደ እናቱ ነኝ" ብትሉም። እናቱ ካልደረሰች ብቻ በመሃላቸው ግቡ፣ ለያዩ፣ ወላጅ ጥሩ።
2. ማን ጀመረ አትጠይቁ። አታውቁትም።
3. የመታው ልጅ ወላጅ መጀመሪያ የተመታውን ይይ። "ወይኔ፣ አመመህ? እስቲ ልይህ።" ከዚያ ወደ ልጁ ይዙር። የልጁን ጥፋት መጀመሪያ የሚናገረው የራሱ ወላጅ ከሆነ ሌላው ወላጅ ልቡ ቶሎ ይበርዳል።
4. የተመታው ልጅ ወላጅ "ምንም አይደል፣ ልጆች ናቸው" ይበል። አንዴ።
5. ልጁን ለሌሎች ለማሳየት ብላችሁ አትምቱት። ጋባዧ እንዳትታዘባችሁ ብላችሁ ከሆነ፣ እየታዘበቻችሁ ያለው አሁን ነው።

ልጃችሁ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከመታ ደክሞታል ወይ ርቦታል። ይዛችሁት ወደ ሌላ ክፍል ግቡ፣ ውሃ ስጡት፣ ካልበረደ ወደ ደረጃ 9 ዝለሉ። ቡናው ቶና ላይ ቢሆንም።

የቤቱ ሕግ የጋባዧ ነው። "እዚህ ቤት ሶፋ ላይ አይዘለልም" ካለች እቤታችሁ ቢዘለልም አይዘለልም። እሷ ልጃችሁን በደህና ቃል ብትመልሰው ፊታችሁን አታጥቁሩ። የምታመናጭቅ ከሆነ ግን ልጆቹ ፊት አትመልሱላት፤ ወጥ ቤት ዕቃ ስታነሱ ብቻችሁን "ስትጮሂበት ይደነግጣል፣ ለእኔ ንገሪኝ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ" በሉ።

ደረጃ 8፦ የተሰበረው፣ የፈሰሰው

የእኔ ትልቁ በ3 ዓመቱ ሰው ቤት ረከቦት ላይ ወድቆ ስድስት ሲኒ አንድ ላይ ጨርሷል። እኔ ወደ ስብርባሪው፣ ባለቤቲቱ ወደ ልጁ ነበር የሮጥነው። "እንኳን ልጁን አላገኘው" አለችና አነሳችው። ቅደም ተከተሉ ከእሷ የተማርኩት ነው፦ ልጁ ከቦታው ይነሳ፣ ሁሉም ልጅ ጫማ ያድርግ ወይም ሶፋ ላይ ይውጣ፣ ከዚያ ይጠረግ። የሚጠርገው ተጋባዡ ነው፤ "ኧረ ተይው" ቢባልም መጥረጊያውን ያዙ።

እዚያው ቦርሳ ከፍታችሁ ገንዘብ አታውጡ፣ ስድብ ነው። በማግስቱም ተመሳሳዩን ገዝታችሁ አትላኩ፤ እኔ ልኬ ነበር፣ ተቀየመች። በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄዱ ግን ከሙዙ ይልቅ ሲኒ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስለ ተሰበረው ሳታነሱ። ቴሌቪዥን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ባልና ሚስት መጀመሪያ እቤታችሁ ተነጋገሩ፣ ከዚያ ደውሉና "ማሠሪያውን የምንከፍለው እኛ ነን፣ ይሄን አትከልክሉን" በሉ፤ "አይሆንም" ቢሏችሁም "ግማሹን እንኳ ካልከፈልን" በሉ።

ደረጃ 9፦ መውጣት

ልጁ የሚተኛበት ሰዓት ከመድረሱ 45 ደቂቃ በፊት ጀምሩ። ምክንያቱም ስንብታችን ሦስት ቦታ ነው፤ ሶፋው ላይ፣ በሩ ላይ፣ መኪናው ጋ።

1. ለልጁ "ሁለት ጊዜ ከተንሸራተትክ በኋላ እንሄዳለን" በሉት። "አምስት ደቂቃ" አይገባውም።
2. ለጋባዧ "በረካውን ጠጥተን እንነሳለን" በሉ። "ገና ምኑን ተጫወታችሁ!" ይመጣል። "ትንሿ ካልተኛች ሌሊቱ የለንም" ይበቃል፤ በልጅ እንቅልፍ የሚከራከር የለም።
3. መጫወቻውን ከልጆቹ ጋር ሰብስቡ። ሁሉንም፣ ሶፋ ሥር ያለውንም።
4. ልጃችሁ የሰው መጫወቻ ይዞ "የኔ ነው" ቢልና ጋባዧ "ይውሰደው" ብትል አትውሰዱ። የእሷ ልጅ ቆሞ እያየ ነው። የራሳችሁን መጫወቻ ከቦርሳ አውጥታችሁ ቀይሩት።
5. ጃኬትና ጫማ መጨረሻ ላይ። ትልልቆቹ ተሳስመው ከጨረሱ በኋላ። ለብሶ በር ላይ ሩብ ሰዓት የቆመ ልጅ የቀኑን ትልቁን ልቅሶ እዚያ ነው የሚያለቅሰው።

ለልጆቹ ብር የምትሰጡ ከሆነ እኩል ስጡ፣ ወላጅ እያየ። የተጠቀለለ ምግብ ከተሰጣችሁ ተቀበሉ፤ ዕቃውን ባዶውን አትመልሱ።

ማግስቱ ላይ ደውሉ። ሦስት ነገር፦ ምግቡን አመስግኑ፣ የልጇን አንድ መልካም ነገር በስም ጠርታችሁ ንገሯት፣ የተነከሰው ልጅ እንዴት እንዳደረ ጠይቁ። ከዚያ "የሚመጣው እኛ ጋ ነው፣ አንቺ ደግሞ የልጆችሽን የእንቅልፍ ሰዓት ንገሪኝ" በሉ።